ባዕድ አገር ትልቅ ሬስቶራንት ስትገቡ፦ ቦታ ከማስያዝ እስከ ሂሳብ መዝጋት

አንድ ጊዜ በአንዲት የጣሊያን የወደብ ከተማ አስተናጋጁ በረዶ ላይ የተጋደመ ዓሣ በትሪ ይዞ መጣና «ዛሬ ጠዋት የገባ ነው» አለን። ሜኑው ላይ ከዓሣው ስም ጎን የተጻፈው ቁጥር 9 ነበር። ዘጠኝ ዩሮ፣ ያውም እንዲህ ባለ ቤት! ሳናመነታ አዘዝን። ሂሳቡ ሲመጣ ዓሣው ብቻውን 117 ዩሮ ሆኖ አገኘነው። ማንም አላጭበረበረንም። ከቁጥሩ ቀጥሎ በደቃቅ ፊደል «ኤቶ» የምትል ቃል ነበረች፤ በጣሊያንኛ 100 ግራም ማለት ናት። ዓሣው ደግሞ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ይመዝን ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ ይዣለሁ፦ የሚያሳፍር የሚመስለው ጥያቄ ሁሉ ቀደም ብሎ ሲጠየቅ አያሳፍርም። ስንት ነው? ምን ገብቶበታል? ምን ልልበስ? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይህን ምግቡ ከመምጣቱ በፊት የጠየቀ ሰው ጨዋ እንግዳ ነው፤ በልቶ ከጨረሰ በኋላ የሚጠይቅ ግን ተከራካሪ ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት እያንዳንዱ ጥያቄ መጠየቅ ባለበት ሰዓት ነው።

1. ቤቱን ምረጡ

ብዙ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ከሚሽላን ኮከብ ስለሆነ፣ ኮከቡ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ማወቅ ይጠቅማል። ኮከቡ የሚሰጥበትን የምግብ ቤቶች መምሪያ የሚያወጣው የመኪና ጎማ የሚያመርተው ያው የሚሽላን ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ፈረንሳይ ውስጥ ለአሽከርካሪዎች በነፃ የሚታደል መጽሐፍ ሆኖ ተጀመረ፤ ሰው ብዙ በነዳ ቁጥር ጎማ ይጨርሳልና ሐሳቡ የነጋዴ ነበር። ኮከብ መስጠት የጀመረው በ1926 ሲሆን ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ኮከብ ደረጃ የመጣው በ1931 ነው። ትርጉሙም እስከ ዛሬ የመንገድ ሽታ አለው። አንድ ኮከብ በመንገዳችሁ ካለፋችሁበት ቁሙ፣ ሁለት ኮከብ መንገድ ለውጣችሁም ብትሄዱ ያዋጣል፣ ሦስት ኮከብ ለእሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ ይደረጋል እንደማለት ነው።

ኮከቡ የሚመዝነው ሳህኑ ላይ ያለውን ብቻ ነው፦ የግብዓቱን ጥራት፣ የአበሳሰሉን ብቃት፣ የጣዕሙን ስምምነት፣ የሼፉን የራስ አሻራ፣ እና ምግቡ በሄዳችሁ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን። የወንበሩ ምቾት፣ የመብራቱ ድባብ፣ የአስተናጋጁ ፈገግታ አይቆጠርም። ስለዚህ ባለ ኮከቡ ቤት ስምንት ወንበር ብቻ ያለው፣ ሱሺ የሚባለው የጃፓን የሩዝና የዓሣ ጉርሻ የሚቀርብበት ጠባብ ባንኮኒ ሊሆን ይችላል። ሻማና ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ያማራችሁ እንደሆነ ፎቶውን ተመልከቱ እንጂ ኮከቡን አትቁጠሩ። መምሪያው የማይደርስባቸው አገሮችም ብዙ ናቸው፤ እዚያ ኮከብ አለመኖሩ ስለ ምግቡ የሚናገረው ነገር የለም። ዋጋው መጠነኛ ሆኖ ጥሩ የሚበላበት ቤት ከፈለጋችሁ ይኸው መምሪያ ከ1997 ጀምሮ «ቢብ ጉርማን» በሚል ስም የሚሰጠውን ምልክት ፈልጉ። በእኔ ግምት ለመንገደኛ ከአንድ ኮከብ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገቡ ከሆነ ምሳ ያዙ። በተለይ በአውሮፓ ከተሞች ማታ በውድ የሚሸጠው ያው ወጥ ቤት ቀን ላይ አጠር ያለ ምግብ በእጅጉ በረከሰ ዋጋ ያቀርባል። ቦታ ማግኘቱም ይቀላል፤ የበላችሁትንም በእግር ታወርዱታላችሁ። ደግሞ ከአውሮፕላን በወረዳችሁበት ቀን ማታ ቀጠሮ አትያዙ። በረራ ይዘገያል፣ ሻንጣ ይጠፋል፤ ሁሉም ቢቀና እንኳ የሰዓት ልዩነቱ አምስተኛው ሳህን ላይ ያስተኛችኋል።

2. ቦታ ያዙ፤ ውሉንም አንብቡ

ታዋቂ ቤቶች ቀጠሮ የሚከፍቱት በተወሰነ ቀን ነው። አንዱ ከ30 ቀን በፊት፣ ሌላው ከ60 ወይም ከ90 ቀን በፊት፣ ሌላውም በየወሩ መጀመሪያ። የሚከፈትበት ሰዓት የሚቆጠረው በእነሱ ከተማ ሰዓት ስለሆነ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ስትሞሉ ልዩነቱን አስቡት፤ ዘግይታችሁ ከገባችሁ የምታዩት ያለቀ ገጽ ነው።

ቅጹ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ቀን ነው፦ 05/06 ለአሜሪካዊ ሜይ 6 ነው፣ ለአብዛኛው አውሮፓዊ ግን ጁን 5። መልእክት ስትጽፉ ወሩን በስሙ ጥሩት። ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ ብዙዎቹ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚሠሩ 19:30 ወይም 21:00 የሚለውን እንዳለ ገልብጡት። የአገሩንም የመመገቢያ ሰዓት ቀድማችሁ እወቁ። ስፔን ውስጥ ከ21:00 በፊት እራት የሚገባ ሰው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ ቤቶች በምሳና በእራት መካከል ወጥ ቤታቸውን ይዘጋሉ፤ እሑድና ሰኞ ጨርሰው የማይከፍቱም አሉ።

ከዚያ የካርድ ቁጥር ትጠየቃላችሁ። ይህ ሦስት ዓይነት ሊሆን ስለሚችል የትኛው እንደሆነ ሳታነቡ «እሺ» የሚለውን አትጫኑ። አንዱ ዋስትና ብቻ ነው፤ ብትቀሩ በየሰው የሚቆረጥ ቅጣት አለው። ሁለተኛው ቀብድ ነው፤ ከሂሳቡ ላይ ይታሰብላችኋል። ሦስተኛው እንደ ቲያትር ትኬት ሙሉውን አስቀድሞ መክፈል ነው፤ ይህ አሠራር ከአሜሪካዋ ቺካጎ ተነሥቶ ቶክ በሚባለው የቀጠሮ ሥርዓት በኩል ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። በሦስቱም ውስጥ ያለው ወሳኝ መስመር እስከ መቼ ብትሰርዙ ገንዘባችሁ እንደማይነካ የሚናገረው ነው፤ ብዙ ጊዜ 24 ወይም 48 ሰዓት፣ አንዳንዴም ሳምንት። የሰውም ቁጥር እንደዚያው። ለአራት ይዛችሁ ሦስት ሆናችሁ ብትመጡ የአራተኛው ቅጣት ሊቆረጥ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ መንገደኛ የሚደናቀፍበት አንድ ጠጠር አለ። ካርዱ ሲገባ ባንካችሁ የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ ወደ አገር ቤት ስልካችሁ ይልካል። ሲሙን አውጥታችሁ በውጭ ሲም ቀይራችሁ ከሆነ ኮዱ አይደርሳችሁም፤ ቀጠሮውም አይያዝም። ከመነሣታችሁ በፊት ያዙ፤ ካልሆነም የኤስኤምኤስ ሮሚንጉ መሥራቱን አረጋግጡ።

ከያዛችሁ በኋላ ኢሜይላችሁን አትርሱት። አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው «ትመጣላችሁ ወይ?» የሚል መልእክት ይመጣል፤ መልስ ያላገኘበትን ቀጠሮ የሚሰርዝ ቤትም አለ። የያዛችሁበትን ማረጋገጫ ኢንተርኔት ሳይኖርም እንዲከፈት ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።

ጃፓን ለብቻዋ አንድ ቃል ይገባታል። ብዙዎቹ ምርጥ ባንኮኒዎች ከማያውቁት እንግዳ በስልክ ቀጠሮ አይቀበሉም፤ በደንበኛ ወይም በሆቴል በኩል ካልሆነ። ስለዚህ ሆቴሉን ስትይዙ የእንግዳ ጉዳይ አስፈጻሚውን ሦስትና አራት አማራጭ ቀን ሰጥታችሁ እንዲያስይዝላችሁ ጠይቁ። ሆቴሉ ስሙን አስይዞላችኋልና ብትቀሩ የምታሳፍሩት እሱንም ጭምር ነው።

3. የማትበሉትን አሁን ተናገሩ

ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ ግን የሚቀረው እራቱ ነው። አሥር ትንንሽ ሳህኖች በተራ የሚቀርቡበት ቤት ግብዓቱን የሚያዘጋጀው ከቀናት በፊት ስለሆነ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ሥጋ አልበላም» ማለት ለእነሱም ለእናንተም መከራ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «ልዩ ማሳሰቢያ» የሚለው ሳጥን የተሠራው ለዚህ ነው።

ስትጽፉ ሦስቱን ለዩዋቸው፦ የሚያሳምመኝ፣ በእምነት ወይም በውሳኔ የማልበላው፣ እና የማልወደው። የማትወዱትን ሁሉ «አለርጂ ነው» ማለት ብልሃት ይመስላል፤ ወጥ ቤቱ ግን ለአለርጂ ቢላና ድስት ሳይቀር ይለያል፤ በሚቀጥለው ቀን የእውነት የሚታመም እንግዳ ሲመጣ እምነታቸውን ያሳሳል። አለርጂው ብርቱ ከሆነ በአገሩ ቋንቋ በወረቀት አጽፋችሁ ለአስተናጋጁ ስጡት፤ ወረቀቱ ወጥ ቤት ድረስ ይገባል፣ ንግግር ግን መንገድ ላይ ይለወጣል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከዲሴምበር 2014 ጀምሮ ምግብ ቤቶች 14 ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎችን ለጠየቀ ሁሉ የመናገር ግዴታ አለባቸው፤ ከእነሱም ውስጥ ግሉተን፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ዓሣና አኩሪ አተር ይገኛሉ።

«ሥጋ የለውም» የሚለው ቃል ራሱ አገር ለአገር ይለያያል። በፈረንሳይ ወጥ ቤት የአትክልት ሶስ መሠረቱ የጥጃ አጥንት መረቅ ሊሆን ይችላል። በጃፓን የአትክልት ሾርባው ብዙ ጊዜ ዳሺ በሚባለው የደረቀ ዓሣ መረቅ ይሠራል። ለስለስ ያሉ ማጣጣሚያዎች የሚረጉበት ጄላቲን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ወይም ከከብት የሚወጣ ነው። አልኮል የማይነካ ሰው ደግሞ ሶስ ውስጥ የሚፈላውን ወይንና ኬክ ላይ የሚርከፈከፈውን ሊከር በስሙ ጠርቶ መጠየቅ አለበት፤ «አልጠጣም» ቢል የሚሰሙት ብርጭቆውን ብቻ ነው።

4. አለባበስና ሰዓት

ይህ ሰው ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። የቤቱን ገጽ ላይ አለባበስ የሚል መስመር ፈልጉ፤ ከሌለ ለወንድ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ ሙሉ ሱሪና የተዘጋ ጫማ፣ ለሴት ንጹሕ የሆነ ማንኛውም ልብስ የትም ያስገባል። ቁምጣና ነጠላ ጫማ ግን በሞቃት አገርም ቢሆን በር ላይ ሊያስመልሳችሁ ይችላል። ኮት ግዴታ የሆነባቸው ጥቂት ቤቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ለረሳ ሰው የሚያውሱት ኮት በር ላይ ሰቅለዋል፤ ልኩ ግን ዕድል ነው። ሽቶ ቀንሱ። የሱሺ ባንኮኒ ላይ ከባድ ሽቶ የጎረቤትን እራት እንደመቀማት ይቆጠራል።

ሰዓት አክብሩ። ባንኮኒ ላይ ለሁሉም እንግዳ በአንድ ጊዜ የሚቀርብ ከሆነ የእናንተ 15 ደቂቃ የሁሉም 15 ደቂቃ ነው። ከዘገያችሁ መንገድ ላይ ሆናችሁ ደውሉ፤ ብዙ ቤቶች ከ15 ደቂቃ በኋላ ቦታውን ለሌላ ይሰጣሉ። ከእራቱ በኋላ የምትይዙት ባቡር ካለ ገና ስትቀመጡ ተናገሩ። ረጅሙ ምግብ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ሰባተኛው ሳህን ላይ ሰዓት እያዩ መቁነጥነጥ ለማንም አይጠቅምም።

5. ሜኑውን እንደ ውል አንብቡት

በመጀመሪያ ቃሎቹ ያታልላሉ። በፈረንሳይ «ሜኑ» ማለት ዋጋው ተቆርጦ በተርታ የሚመጣ ምግብ ነው፤ እኛ ሜኑ የምንለውን ዝርዝር እነሱ «ካርት» ይሉታል። «አ ላ ካርት» የሚባለውም ከዚያ ነው፦ ከዝርዝሩ እየመረጡ፣ እያንዳንዱን ለየብቻው እየከፈሉ። «ኦንትሬ» የሚለው ቃል በፈረንሳይ የመጀመሪያው ሳህን ነው፤ ያው ቃል አሜሪካ ሲደርስ ዋናው ምግብ ይሆናል። አንድ ወዳጄ ፓሪስ ላይ ዋና ምግብ ያዘዘ መስሎት አስፓራገስ ከሚባለው አትክልት ሦስት ቁራጭ ቀርቦለት ተቀምጦ ቀረ። ጃፓን ውስጥ «ኦማካሴ» ካያችሁ ደግሞ ምርጫው የሼፉ ነው፤ እናንተ የምትመርጡት ቤቱን ብቻ ነበር፣ እሱንም መርጣችሁ ገብታችኋል።

ቀጥሎ ዋጋውን። ዋጋ በሚኖርበት ቦታ ቁጥር ሳይሆን «የገበያ ዋጋ» የሚል ካለ ጠይቁ። ቁጥሩ አጠገብ ግራም ወይም ኪሎ ካለ ስንት እንደሚመዝን ጠይቁ፤ የጣሊያኑ ኤቶ እኔን አስተምሮኛል፣ የፍሎረንስ ትልቁ ስቴክም በኪሎ ነው የሚሸጠው። «ተጨማሪ» ወይም «ሰፕልመንት» የሚል ቃል ካለ ከተቆረጠው ዋጋ በላይ የሚከፈል ነው። በመከር ወራት አስተናጋጁ ነጭ ትራፍል የሚባለውን ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውድ እንጉዳይ ይዞ መጥቶ «ትንሽ ልፋቅላችሁ?» ካለ፣ ፍቅሩ በግራም ይመዘናል።

ይህ ወደ አንድ ሰፊ ሕግ ይወስደናል፦ በጥያቄ መልክ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋ አለው፤ ሳይጠየቅ ከወጥ ቤት የሚመጣ ትንሽ ሳህን ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ነው። ከምግቡ በፊት በአንድ ጉርሻ ልክ የምትቀርበው፣ ፈረንሳዮቹ «አሚዩዝ ቡሽ» የሚሏት፣ እና ከቡና ጋር የሚመጡት ጥቃቅን ጣፋጮች ነፃ ናቸው። ገና ስትቀመጡ ጋሪ እየገፋ መጥቶ «በሻምፓኝ እንጀምር?» የሚለው ግን ነፃ አይደለም። አንድ ብርጭቆው ከአንድ ሳህን ሊበልጥ ይችላል። «መጀመሪያ ዝርዝሩን ልየው» በሉ፤ ይህን የሚንቅ ቤት አላየሁም።

ተጋባዥ ከሆናችሁ ደግሞ አንዳንድ የቆዩ ቤቶች ለጋባዡ ብቻ ዋጋ ያለበትን ሜኑ፣ ለእንግዳው ዋጋ የሌለበትን ይሰጣሉ። ስሕተት መስሏችሁ እንዳትመልሱት።

6. መጠጡ ላይ ቁጥሩን በጣታችሁ አሳዩ

ሂሳብን እጥፍ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ምግቡ ሳይሆን መጠጡ ነው። ከውሃ እንጀምር። «ጋዝ ያለው ወይስ የሌለው?» ተብላችሁ ስትጠየቁ ሁለቱም የታሸጉ ናቸው፤ ሁለቱም ይከፈልባቸዋል። ሦስተኛው አማራጭ፣ የቧንቧው ውሃ፣ ካልጠየቃችሁ አይነሣም። በፈረንሳይ ምግብ ለሚበላ ሰው በነፃ ማቅረብ በሕግ ግዴታ ነው፤ «ካራፍ ዶ» በሉ፣ ይመጣል። ጣሊያንና ጀርመን ግን ብትጠይቁም ላያመጡ ይችላሉ። የቧንቧ ውሃ በማይጠጣበት አገር ጥያቄው ከነጭራሹ የለም።

ወይን የምትጠጡ ከሆነ የወይን ባለሙያው፣ ሶምልዬው፣ የሚፈራ ሰው አይደለም። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ምን ዓይነት ጣዕም እንደምትወዱና ስንት ማውጣት እንደምትፈልጉ። ሁለተኛውን ጮክ ብሎ መናገር ከከበዳችሁ፣ በተለይ እንግዳ አጠገባችሁ ካለ፣ ዝርዝሩ ላይ አንድ ዋጋ በጣታችሁ እየጠቆማችሁ «እንዲህ ያለ ነገር እንፈልጋለን» በሉ። ወዲያው ይገባዋል፤ ሥራው ነውና ከዚያ በላይ አይወጣም። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፣ አምስት ብርጭቆ ገደማ ይሆናል። ሁለት ሰው ሁለት ሁለት ብርጭቆ የሚጠጣ ከሆነ ጠርሙሱ በብርጭቆ ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ለእያንዳንዱ ሳህን የተለየ ወይን የሚቀዳበት ጥቅል ደግሞ የምግቡን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል፤ ግማሽ መጠን ወይም ለሁለት አንድ መጠየቅ ይቻላል። አልኮል የሌለው ጥቅል የሚያዘጋጁ ቤቶችም እየበዙ ነው፤ አንዳንዴ ከወይኑ በላይ የተደከመበት እሱ ነው።

ጠርሙሱ ሲመጣ ጽሑፉን ያሳዩአችኋል። ስሙና ዓመተ ምሕረቱ ያዘዛችሁት መሆኑን እዩ፤ ሁለት ዓመት ልዩነት ብዙ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ትንሽ ይቀዳል። ይህ የሚቀዳው ወይኑ መበላሸት አለመበላሸቱን እንድታዩ እንጂ ወደዳችሁት ወይስ አልወደዳችሁትም ተብሎ አይደለም። አሽትቱት። የራሰ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ቡሹ አበላሽቶታል፤ ተናገሩ፣ ይቀየራል። ደህና ከሆነ ራስ መነቅነቅ ይበቃል። ቡሹን ማሽተት አያስፈልግም።

7. ገበታው ላይ

የሹካና የቢላ ሰልፍ የሚያስፈራው ታሪኩን ስለማናውቅ ነው። በአውሮፓ ቀድሞ ምግቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይደረደር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንዱ ሳህን ሌላውን እየተከተለ የሚቀርብበት፣ የሩሲያ የሚባለው ሥርዓት ሲስፋፋ ለየሳህኑ የየራሱ ዕቃ አስፈለገ። ስለዚህ የተደረደረው የእራቱ ቅደም ተከተል ነው፦ ከዳር ጀምራችሁ ወደ ሳህኑ ግቡ። ዳቦው በግራ፣ መጠጡ በቀኝ። ይህን ካወቃችሁ የጎረቤትን ዳቦ አትበሉም። ደግሞም ዛሬ ብዙዎቹ ትልልቅ ቤቶች ለእያንዳንዱ ሳህን ዕቃውን አስተናጋጁ ራሱ እያመጣ ስለሚያስቀምጥ ጭንቀቱ ጊዜው ያለፈበት ነው።

ቢላና ሹካ ግን ይናገራሉ። ሳህኑ ላይ ተለያይተው ወይም ተመሳቅለው ከተቀመጡ ገና እየበላችሁ ነው፤ ጎን ለጎን ከተጋደሙ ጨርሳችኋል፣ ይነሣል። ብዙ እንግዳ ምግቡ ሳያልቅ የሚወሰድበት በዚህ ነው። ለጥቂት ጊዜ ተነሥታችሁ የምትመለሱ ከሆነ ናፕኪኑን ወንበሩ ላይ ተዉት፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ስትሄዱ ነው። ሎሚ የተንሳፈፈበት ትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ከባሕር ምግብ በኋላ ከመጣ የጣት መታጠቢያ ነው፤ ሾርባ መስሏቸው የጠጡ ሰዎች ታሪክ በየአገሩ አለ።

ቾፕስቲክ በሚያዝበት አገር ሁለት ነገሮችን ብቻ አታድርጉ፦ ሩዝ ላይ አቁማችሁ አትትከሉት፤ ምግብ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ አትቀባበሉ። በጃፓን ሁለቱም ከቀብር ሥርዓት ጋር የተያያዙ ናቸው። ሌላው ስሕተት ሁሉ በፈገግታ ያልፋል። ሱሺን በእጅ መብላት ነውር አይደለም፤ ሼፉ ሲያስቀምጥላችሁ ወዲያው ብሉት፣ ለፎቶ እያዞራችሁ ካዘገያችሁት ግን ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። ፎቶ በየትም ቢሆን ያለ ፍላሽ።

አንድ ነገር ከተበላሸ፣ ሥጋው ካልበሰለ፣ ሾርባው ከቀዘቀዘ፣ ያላዘዛችሁት ከመጣ፣ በሁለተኛው ጉርሻ ላይ ተናገሩ። ድምፅ ዝቅ አድርጎ «ይህን ልታዩልኝ ትችላላችሁ?» ማለት ይበቃል። ግማሹ ከተበላ በኋላ የሚቀርብ ቅሬታ ሰሚ ያጣል።

8. ሂሳቡን ጥሩት፣ አንብቡት፣ ከዚያ ክፈሉ

በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሂሳብ ሳይጠራ አይመጣም፤ ሳትጠሩ ማምጣት እንግዳን ማባረር ይመስላቸዋል። ስለዚህ ቡና ከጠጣችሁ በኋላ አንድ ሰዓት ብትቀመጡ ረስተዋችሁ አይደለም። በፈረንሳይ «ላዲሲዮን፣ ሲል ቩ ፕሌ»፣ በጣሊያን «ኢል ኮንቶ፣ ፔር ፋቮሬ»፣ በስፔን «ላ ኩዌንታ፣ ፖር ፋቮር»፣ በጃፓን «ኦካይኬይ ኦኔጋይሺማስ» በሉ። አሜሪካ ተቃራኒው ነው፤ ገና ማጣጣሚያውን ሳትጨርሱ ወረቀቱ ሊመጣ ይችላል፣ እዚያ ነውር አይደለም።

ስታነቡ የሰው ቁጥር፣ የውሃ ጠርሙስ ብዛት፣ የወይኑ ስምና ዓመት፣ እና መጨረሻ ላይ ያሉትን መስመሮች እዩ። ቲፕ፣ ማለትም ለአስተናጋጁ የሚሰጠው ጉርሻ፣ የሚወሰነው በእነዚህ መጨረሻ መስመሮች ነው።

በፈረንሳይ የተጻፈው ዋጋ ግብሩንም የአገልግሎቱንም ክፍያ በሕግ አካቷል፤ ደስ ካላችሁ ጥቂት ትተዋላችሁ፣ ካልተዋችሁ ማንም ቅር አይለውም። በጣሊያን «ኮፐርቶ» የሚል መስመር በየሰው ጥቂት ዩሮ ይጨምራል፤ ለዳቦና ለገበታ ነው፣ ቲፕ አይደለም፣ ሜኑው ላይም ተጽፏል። በብሪታንያ ብዙ ጊዜ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታከላል። በፈቃድ የሚከፈል ስለሆነ አገልግሎቱ ከከፋ እንዲነሣ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የወጣው ሕግ ደግሞ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ለሠራተኞች እንዲደርስ ያዛል። በጀርመን ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምሮ ማጠጋጋት ልማድ ነው፤ ነገር ግን ጠረጴዛ ላይ አይተውም፣ ስትከፍሉ የምትሰጡትን ጠቅላላ ድምር ለአስተናጋጁ ትነግሩታላችሁ። በጃፓን ቲፕ የለም። ትታችሁ ብትወጡ ገንዘብ የረሳችሁ መስሏቸው መንገድ ድረስ ሊከተሏችሁ ይችላሉ። ትልልቆቹ ቤቶች ግን ከ10 እስከ 15 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ራሳቸው ያስገባሉ፤ እዚያው ላይ 10 በመቶ የፍጆታ ግብር አለ፣ ስለዚህ የሜኑው ዋጋ ሁለቱን ማካተት አለማካተቱን ቀድማችሁ እዩ።

አሜሪካ ለብቻዋ ትቆማለች። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ የሽያጭ ግብሩን አይጨምርም፤ ቲፑም ከ18 እስከ 20 በመቶ ይጠበቃል፣ የአስተናጋጁ ደመወዝ ትልቁ ክፍል እሱ ነውና። ስለዚህ 100 ዶላር የተጻፈበትን ስትበሉ ከኪሳችሁ የሚወጣው 125 እና ከዚያ በላይ ይሆናል ብላችሁ አስቡ። ብዙ ቦታ ካርዱን ወስደው ሁለት ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ። በአንዱ ላይ ቲፑንና ድምሩን በእጃችሁ ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ፤ ሌላው የእናንተ ነው፣ ባንካችሁ የቆረጠው ከጻፋችሁት ጋር መግጠሙን እስክታዩ አትጣሉት። ስድስት ሰውና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ቲፑ አስቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሳያነቡ ሁለተኛ የሚከፍሉ ብዙ ናቸው።

የካርድ ማሽኑ «በአገርዎ ገንዘብ ወይስ በዚህ አገር ገንዘብ?» ብሎ ከጠየቀ ሁልጊዜ የዚህን አገር ምረጡ። የራሳችሁን ብትመርጡ ምንዛሬውን የሚሠራው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ ተመኑም ባንካችሁ ከሚሰጣችሁ የባሰ ነው። አስተናጋጁ ለማገዝ ብሎ ራሱ ሊጫን ሲል «እኔው ልጫነው» በሉ። ሁለተኛ ካርድና ጥቂት ጥሬ ገንዘብም ያዙ፤ በጃፓን ዛሬም ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚቀበሉ ትንንሽ የታወቁ ቤቶች አሉ፣ የውጭ ካርድ ደግሞ ያለ ምክንያት እምቢ የሚልበት ማታ አለ።

ስትወጡ ካፖርታችሁን የሰቀለላችሁን ሰው አትለፉት። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ካፖርት አንድ ወይም ሁለት ዶላር ይሰጣል፤ ዝርዝር ገንዘቡን ከመግባታችሁ በፊት በተለየ ኪስ አድርጉት።